ጉና የሚፈትነው አውሮፕላን፣ ፊደል የሚፈትነው ቀለም

በቤት ኮምፒውተር የሚሠራ ምስለ በረራ፣ በተለምዶ አጠራሩ ሲሙሌተር፣ አውሮፕላኑን፣ አየሩንና መልክዓ ምድሩን በስሌት አስመስሎ በማቅረብ ተጠቃሚው ከጠረጴዛው ሳይነሣ የአብራሪን ሥራ እንዲሞክር የሚያስችል ፕሮግራም ነው። ማይክሮሶፍት ብሩስ አርትዊክ የነደፈውን ምስለ በረራ እ.ኤ.አ. በ1982 ለገበያ ሲያቀርብ የሚበረው በአንዲት አነስተኛ ሴስና ነበር። ዛሬ ግን ከፕሮግራሙ ጋር የሚመጡት አውሮፕላኖች መነሻ ብቻ ናቸው፤ ሌሎች ኩባንያዎችና በጎ ፈቃደኞች ለብቻ ሠርተው የሚያቀርቧቸው፣ አድ-ኦን የሚባሉ ተጨማሪ አውሮፕላኖች በገንዘብም በነፃም ይገኛሉ። በእነዚህ አውሮፕላኖች ገላ ላይ የሚያርፈው የአየር መንገድ ቀለም፣ ዓርማ፣ ጽሑፍና የምዝገባ ምልክት ደግሞ በአንድነት ሊቨሪ ይባላል።

ሁለቱ ብዙ ጊዜ አብረው ቢወርዱም ባሕርያቸው ፈጽሞ የተለያየ ነው። አውሮፕላኑ በቁጥር የሚሠራ ሲሆን ሊቨሪው ሥዕል ነው፤ ቀለሙ ስለተቀየረ አውሮፕላኑ በአንድ ኖት (የአውሮፕላን ፍጥነት መለኪያ) እንኳ አይፈጥንም። ኢትዮጵያዊ ተጠቃሚ ግን ሁለቱንም የሚመዝንበት መለኪያ በአገሩ አለው፤ የቁጥሩን እውነተኛነት የደቡብ ጎንደር ደጋ፣ የሥዕሉን እውነተኛነት ደግሞ ፊደል ይፈትነዋል።

የአውሮፕላኑን ጠባይ የሚወስነው ክፍል የበረራ ሞዴል ይባላል፤ ክንፉ ምን ያህል ማንሻ ኃይል እንደሚፈጥር፣ አየሩ ምን ያህል ወደኋላ እንደሚጎትተው፣ ሞተሩም በየከፍታው ምን ያህል ጉልበት እንደሚሰጥ የሚያሰላው እሱ ነው። ሞዴሉ የሚሠራባቸው ዋና መንገዶች ሁለት ናቸው። አንደኛው ከሙከራና ከበረራ ልኬት የተገኙ ቁጥሮችን በሠንጠረዥ አስቀምጦ ከዚያ እያነበበ የሚያሰላ ሲሆን፣ ፍላይትጊር የተባለው በነፃ የሚታደል ምስለ በረራ የሚጠቀምበት ጄኤስቢሲም ይህንኑ ይከተላል። ሁለተኛው ኦስቲን ሜየር የጀመረው ኤክስ-ፕሌን የሚታወቅበት ነው፤ ክንፉን በብዙ ትንንሽ ቁራጮች ከፍሎ በእያንዳንዱ ላይ የሚያርፈውን ኃይል በሰከንድ ውስጥ ደጋግሞ እያሰላ ይደምራል። የመጀመሪያው የሚታመነው ልኬት እስካለው ድረስ ነው፤ ሁለተኛው የክንፉን ቅርጽ ብቻ ይዞም ወደ እውነቱ የቀረበ ውጤት ሊሰጥ ይችላል።

የየትኛውም መንገድ ጉድለት በባሕር ዳርቻ አገር በሚገኝ ማረፊያ ላይ በቀላሉ አይታይም፤ ደጋ ላይ ግን አይሸሸግም። የደቡብ ጎንደሯ ደብረ ታቦር ከባሕር ጠለል በላይ በ2,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ትገኛለች። በዚህ ከፍታ የአየሩ እፍግታ፣ ማለትም በአንድ ሜትር ኩብ ውስጥ ያለው የአየር ብዛት፣ መደበኛው የከባቢ አየር ስሌት እንደሚያሳየው በባሕር ጠለል ካለው 77 በመቶ ያህል ብቻ ነው፤ ቀኑ ሲሞቅ ከዚያም ይወርዳል። አየሩ ሲሳሳ ክንፉ የሚደገፍበት፣ ፕሮፔለሩ የሚቀዝፈው፣ ሞተሩም ነዳጁን የሚያቃጥልበት ነገር በአንድነት ይቀንሳል።

ነገሩን በቅርብ ለማየት በአብዛኞቹ ምስለ በረራዎች ውስጥ የምትገኘውን ሴስና 172 ይዞ ከባሕር ዳር መነሣት ይበቃል። ማረፊያው ራሱ ከ1,800 ሜትር በላይ ስለሆነ አብራሪው ገና ሳይነሣ ሚክስቸር የሚባለውን የነዳጅና የአየር መመጠኛ ወደኋላ ስቦ ነዳጁን መቀነስ አለበት፤ አለዚያ ሞተሩ ነዳጅ በዝቶበት ጉልበቱን ያጣል። አፍንጫውን ወደ ምሥራቅ ሲያዞር ጣና በስተግራ ይቀራል፣ የፎገራ ሜዳ ያልፋል፣ ከዚያ በኋላ ምድሩ ከአውሮፕላኑ ጋር አብሮ መውጣት ይጀምራል። ቀጥታው መንገድ ሰማንያ ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ በረራው ግማሽ ሰዓት እንኳ አይፈጅም፤ ሆኖም 172 ኤስ የተባለው የዚህች ሴስና ዓይነት ሞተር በባሕር ጠለል ከሚሰጠው 180 የፈረስ ጉልበት ውስጥ በደብረ ታቦር ከፍታ የሚቀረው ከ135 አይበልጥም።

ከከተማዋ ጀርባ ጉና ይቆማል። ርብና ጉማራ ወደ ጣና የሚወርዱበት ይህ ተራራ ከ4,100 ሜትር በላይ ከፍ ይላል፤ የ172 ኤስ የከፍታ ጣሪያ ደግሞ 14,000 ጫማ ወይም 4,267 ሜትር ነው። የከፍታ ጣሪያ ማለት አውሮፕላኑ በደቂቃ ከ100 ጫማ በላይ መውጣት የማይችልበት ከፍታ እንደመሆኑ፣ በሚገባ የተሠራች ሴስና ጉናን በቀጥታ ለመሻገር ስትሞክር አቅሟ ያልቅባታል፤ ዙሪያውን መሄድ ወይም ቀድሞ ክብ እየሠሩ ረጅም ጊዜ መውጣት የግድ ይሆናል። ሞተሯ ከፍታን የማያውቅ፣ በጉናም አናት ላይ እንደ ባሕር ዳርቻ የምትወጣ አድ-ኦን ግን ኮክፒቷ የቱንም ያህል ቢያምር ሥራዋ ያልተጠናቀቀ ነው።

ማረፉም የራሱ ፈተና አለው። የፍጥነት መለኪያው የሚያነበው የአየሩን ግፊት ስለሆነ አብራሪው እንደ ወትሮው በ65 ኖት ቢቀርብም፣ በሳሳው አየር ውስጥ አውሮፕላኑ በእርግጥ የሚጓዘው ወደ 75 ኖት በሚጠጋ ፍጥነት ነው፤ በዚህም ምክንያት መሬት ሲነካ ይበልጥ ይንደረደራል፣ ለመቆምም የበለጠ ርቀት ይፈልጋል። ከ2,300 ሜትር በላይ የሚገኘው የቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ መንደርደሪያዎች ከ3,700 ሜትር የማያንሱበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። ምስለ በረራ ይህን በሥዕልና በቀመር ብቻ የሚማረውን ተማሪ በእጁ እንዲዳስሰው ያደርጋል፤ ለትምህርት ቤቶች ሊሰጥ የሚችለው ጥቅምም እስካሁን ከተሰጠው ቦታ በእጅጉ ይበልጣል።

ወደ ቀለሙ ሲመጣ ሥራው የሠዓሊ ነው። ሦስት አቅጣጫ ያለው የአውሮፕላን ቅርጽ ቀለም የሚቀበለው ገላው ተገፎ በአንድ ጠፍጣፋ ሥዕል ላይ፣ ከታረደ በግ እንደተገፈፈ ቆዳ ከተዘረጋ በኋላ ነው። ይህ ሥዕል ቴክስቸር ይባላል፤ ግራና ቀኝ ጎኑ፣ ክንፉ፣ ጭራውና የሞተሩ ሽፋን በየቦታቸው ተነጥለው ይቀመጡበታል። ብዙ አዘጋጆች መስኮቱን፣ በሩንና የብረት መጋጠሚያውን በየንብርብሩ ለይተው ፔይንት ኪት በሚባል ጥቅል ስለሚያቀርቡ፣ ሠዓሊው እንደ ጊምፕ ባለ ነፃ ፕሮግራም ቀለሙን ከመስመሮቹ ሥር ይጨምራል። ከዚያም አውሮፕላኑ የሚታወቅበትን ስምና የምዝገባ ምልክት በማዋቀሪያው ፋይል ውስጥ ያስገባል። ብርሃን ሲያርፍበት ብረቱ ምን ያህል እንደሚያንጸባርቅ የሚወስነው ሌላ የተለየ ሥዕል ነው፤ ጀማሪዎች ይህን ስለሚዘነጉት አውሮፕላናቸው እንደ ፕላስቲክ ይታያል።

የኢትዮጵያ አየር መንገድ ሊቨሪ አረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይ ጭራው ለዓይን ቀላል ቢመስልም፣ ገላው ላይ ከላቲኑ ጋር የተጻፈው አማርኛ ፊደሉን የማያውቅ ሠዓሊ የሚሰናከልበት ነው። 56.7 ሜትር የሚረዝመው ቦይንግ 787-8 በ4,096 ነጥብ (ፒክስል) ስፋት ላይ ሲዘረጋ አንዱ ነጥብ 1.4 ሴንቲ ሜትር ያህል ይሸፍናል፤ ሥዕሉ በግማሽ ቢያንስ ነጥቡ ወደ ሦስት ሴንቲ ሜትር ይጠጋል። በዚህ ጊዜ መጀመሪያ የሚጠፉት ቀጫጭኖቹ የፊደል ምልክቶች ናቸው፤ ሳድሱ «ት» ግዕዙን «ተ» ይመስላል፣ «ጵ»ም ቅጥሏን ታጣለች። ከዚህ የከፋው ደግሞ አዘጋጁ ቦታ ለመቆጠብ ሁለቱን ጎኖች በአንድ ሥዕል ሲያለብሳቸው የሚደርሰው ነው፤ በአንዱ ጎን የተስተካከለው ጽሑፍ በሌላው ጎን በመስታወት እንደሚታይ ተገልብጦ ይነበባል። ፊደሉን በልጅነቱ የቆጠረ ሰው ስሕተቱን በአንድ እይታ ስለሚይዘው፣ በዚህ ሥራ ኢትዮጵያዊ እጅ መግባቱ ለሥራው ጥራት የሚያስፈልግ ነገር ነው።

ሊቨሪ ከውበትም የሚያልፍ አገልግሎት አለው፤ ያለፉ ዘመናትን መልሶ ያሳያል። አየር መንገዱ ታኅሣሥ 12 ቀን 1938 ዓ.ም. ተቋቁሞ መጋቢት 30 ቀን በዚያው ዓመት በሲ-47 አውሮፕላን በአስመራ በኩል ወደ ካይሮ የመጀመሪያ በረራውን አደረገ። የሲ-47 ሲቪል አቻ የሆነው ዲሲ-3 በአገሪቱ ጥርጊያ ሜዳዎች ላይ ለብዙ ዓመታት አርፏል፤ እ.ኤ.አ. በ1962 የገባው ቦይንግ 720ም የጄቱን ዘመን ከፍቷል። እ.ኤ.አ. በ1984 ደግሞ ቦይንግ 767 ከዋሽንግተን አዲስ አበባ 12,082 ኪሎ ሜትሩን ያለ ዕረፍት በርሮ ለባለ ሁለት ሞተር ጄት አውሮፕላን የርቀት ክብረ ወሰን ሆነ። የእነዚያን ዘመናት ቀለም፣ የይሁዳ አንበሳ ምስል የነበረበትን ጭምር፣ ከድሮ ፎቶግራፍ አጥንቶ በዲሲ-3 ወይም በ720 ሞዴል ላይ የሚመልስ ወጣት የአቪዬሽን ታሪክ ሰነድ እያዘጋጀ ነው።

ምድሩም ራሱ የሚሠራ ነገር አለው። እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣው ማይክሮሶፍት ፍላይት ሲሙሌተር የሳተላይት ሥዕሎችን በኢንተርኔት እየሳበ ደብረ ታቦርንና ጉናን ከሞላ ጎደል በመልካቸው ያሳያል፤ ይሁንና ከ100 ጊጋባይት በላይ ስለሚወስድ መስመሩ ደካማ በሆነበት ከተማ ለሚኖር ተጠቃሚ ከባድ ነው። ለእንዲህ ያለው ተጠቃሚ ፍላይትጊር ይሻለዋል፤ አስፈላጊውን አካባቢ ብቻ አስቀድሞ አውርዶ ያለ ኢንተርኔት መብረር ይችላል። ደብረ ታቦር ኤችኤዲቲ በሚል ዓለም አቀፍ መለያ የተመዘገበ፣ አስፋልት ያልለበሰ ማረፊያ አላት። የኤክስ-ፕሌን አዘጋጆች ወርልድኤዲተር የተባለውን መሣሪያ በነፃ የሚሰጡ ሲሆን፣ አንድ የአካባቢው ሰው የሜዳውን አቅጣጫ፣ ጠርዝና ዙሪያውን ያሉትን ቤቶችና ዛፎች በትክክል አስፍሮ ቢልክና ሥራው ቢመረመርና ቢያልፍ፣ በሚቀጥሉት እትሞች ውስጥ ገብቶ ለፕሮግራሙ ተጠቃሚዎች ሁሉ ይደርሳል።