ጊደር ለእርባታ መድረሷ በዕድሜዋ ብቻ አይለካም

አንዲት ጊደር ለመጠቃት ደርሳለች ወይስ አልደረሰችም የሚለውን ለመወሰን በአብዛኛው አርቢ ዘንድ በቅድሚያ የሚነሳው ጥያቄ ስንት ወር ሞላት የሚል ነው። የእንስሳት እርባታ ሙያ ግን ከዕድሜ ይልቅ የሰውነት ክብደትን ያስቀድማል። ሰውነቷ ሳይጠነክር ያረገዘች ጊደር በመጀመሪያው ወሊድ በምጥ ልትሞት፣ ጥጃዋን ልታጣ ወይም ዳግም ሳታረግዝ ልትቀር ትችላለች። በብድር ለተገዛች አንዲት የተዳቀለች ጊደር ይህ ማለት ወተቱም፣ ጥጃውም፣ ዕዳው የሚከፈልበት ገቢም በአንድ ሌሊት መጥፋቱ ነው።

የአካለ መጠን መድረስና ለእርባታ ዝግጁ መሆን የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን መገንዘብ ያስፈልጋል። በደንብ የተመገበች የሆልስታይን ፍሪዥያን ጊደር ከ9 እስከ 11 ወር ባለው ዕድሜዋ የመጀመሪያውን ድራት ልታሳይ ትችላለች። በዚህ ጊዜ ክብደቷ ሙሉ ላም ስትሆን ከሚኖራት ክብደት ግማሽ እንኳን አይሞላም። በመሆኑም ድራት ማሳየቷ ማርገዝ እንደምትችል እንጂ በሰላም መውለድ እንደምትችል አያረጋግጥም። ወጣት ጊደሮችን ከኮርማ ለይቶ ማሳደግ የሚመከረውም በዚሁ ምክንያት ነው።

በአጠቃላይ ተቀባይነት ያለው መለኪያ ጊደሯ ሙሉ ላም ስትሆን ከሚኖራት ክብደት 60 በመቶ ገደማ ስትደርስ ትጠቃ የሚለው ነው። ለምሳሌ ሙሉ ክብደቷ 400 ኪሎ ግራም የሚሆን የተዳቀለች ጊደር 240 ኪሎ ግራም ገደማ፣ ሙሉ ክብደቷ 600 ኪሎ ግራም የሚደርስ ንጹህ ሆልስታይን ደግሞ 360 ኪሎ ግራም ገደማ ስትሆን ለመጠቃት ትበቃለች። እዚህ ክብደት ላይ የሚደረስበት ዕድሜ እንደ አመጋገቡ ይለያያል። ስትወለድ 30 ኪሎ ግራም የነበረች ጥጃ በ18 ወሯ 240 ኪሎ ግራም እንድትሆን በቀን በአማካይ 400 ግራም ገደማ መጨመር ይኖርባታል። በግጦሽና በገለባ ብቻ የምታድግ ጊደር ይህን ያህል ስለማትጨምር፣ የአገር ውስጥ ዝርያ ላሞች የመጀመሪያ ጥጃቸውን የሚወልዱት አብዛኛውን ጊዜ አራት ዓመት ገደማ ሲሞላቸው ወይም ከዚያም በኋላ ነው።

ሚዛን በሌለበት ቀበሌ ከፊት እግሮች ጀርባ የደረት ዙሪያን በመለኪያ ሜትር በመለካት ክብደትን መገመት ይቻላል። ከዚህ ጎን ለጎን የሰውነቷ አቋም ይታያል። የጎን አጥንቶቿ በሙሉ የሚቆጠሩና የጭራዋ ሥር የጎደጎደ ከሆነ ገና ናት። በሌላ በኩል ከመጠን በላይ የሰባችም አትመረጥም፤ በዳሌዋ ውስጥ የሚከማቸው ስብ የወሊድ መንገድን ያጠባል፣ በጡቷ የሚከማቸው ደግሞ የወተት ምርቷን ይቀንሳል።

የአባቱ ዝርያም የራሱ ድርሻ አለው። ትንሽ ሰውነት ያላትን ጊደር በግዙፍ ዝርያ አባለ ዘር ማዳቀል ጥጃው ከእናቲቱ ዳሌ በላይ እንዲሆን ያደርጋል። ለመጀመሪያ ወሊድ ትንሽ ጥጃ በማስወለድ የሚታወቅ ኮርማ መምረጥ ይገባል። አባቷ ወይም ወንድሟ በሆነ ኮርማ ማስጠቃትም ዘርን ስለሚያዳክም የዘር መዝገብ መያዝ የግድ ይላል። ከወንድ ጋር መንታ ሆና የተወለደች ጊደር በአብዛኛው መካን ስለምትሆን ለእርባታ ከመያዟ በፊት መመርመር አለባት። ጽንስ በሚያስጨነግፈውና ወደ ሰውም በሚተላለፈው የብሩሴሎሲስ በሽታ አለመያዟም መረጋገጥ ይኖርበታል።

እነዚህ ሁሉ ሲሟሉ የማዳቀያው ሰዓት ይጠበቃል። ድራት በአማካይ በየ21 ቀኑ የሚመላለስ ሲሆን፣ ዋነኛው ምልክት ሌሎች ከብቶች ሲወጡባት ጊደሯ ሳትሸሽ ጸጥ ብላ መቆሟ ነው። ጠዋት ምልክቱ የታየባት ከሰዓት በኋላ፣ ማታ የታየባት ደግሞ በማግስቱ ጠዋት ትዳቀላለች።

በአገሪቱ ሰው ሠራሽ የማዳቀል ዘዴን እንዲያስተባብር ብሔራዊ ማዕከል በቃሊቲ ተቋቁሞ ነበር። ከጊዜ በኋላ ብዙ ከብቶችን በሆርሞን በአንድ ጊዜ ድራት እንዲያሳዩ አድርጎ በዘመቻ ማዳቀል የተለመደ ሲሆን፣ በ2015 ዓ.ም. የተጀመረው የሌማት ትሩፋት መርሐ ግብርም ለዝርያ ማሻሻል የተሰጠውን ትኩረት አጠናክሮታል። ይሁንና ሆርሞን ድራትን እንጂ አጥንትን አያጠነክርም። ለዘመቻው የተሰበሰቡ ጊደሮች ሳይለኩ መርፌ ከተሰጣቸው ያልደረሱትም አብረው ይዳቀላሉ። ለዚሁ ሥራ የሚውለው ፕሮስታግላንዲን የተባለው ሆርሞን ደግሞ ያረገዘችን ከብት ሊያስጨነግፍ ስለሚችል፣ አስቀድሞ የእርግዝና ምርመራ ማድረግ ሊዘለል የማይገባው ተግባር ነው።

ጥንቃቄው ከተዳቀለች በኋላም ይቀጥላል። ጊደሯ ጽንሱን እየተሸከመች ራሷም የምታድግ በመሆኑ፣ ዘጠኝ ወር በሚፈጀው የእርግዝና ጊዜ መኖዋ ካልተሻሻለ ከሁለት አንዱ ይጎዳል። በምትወልድበት ጊዜ ከሙሉ ክብደቷ 80 በመቶ በላይ እንድትደርስ ይመከራል። በዚህ ስሌት በ240 ኪሎ ግራም የተዳቀለችው ጊደር ለወሊድ 320 ኪሎ ግራም ልትሞላ ይገባል። ሊወልዱ የተቃረቡ ጊደሮች የሚገኙበት ቤት አስቀድሞ ተመዝግቦ የእንስሳት ሐኪም ሊደርስበት በሚችል መልኩ ሊያዝ ይገባል።

የወረዳ ጽሕፈት ቤቶች አፈጻጸም በአብዛኛው የሚለካው በተዳቀሉ ከብቶች ቁጥር ነው። ቁጥሩ የአገልግሎቱን ስፋት ያሳያል፤ ስንቶቹ በሰላም እንደወለዱና ስንት ጥጃ እንደቆመ ግን አይናገርም። በዘመቻ ዕቅድ ላይ መለኪያ ሜትርና የእርግዝና ምርመራ ከአባለ ዘሩና ከሆርሞኑ እኩል ቦታ ሲያገኙ፣ በሪፖርቱ ላይ የሰፈረው ቁጥር በአርሶ አደሩ በረትም የሚገኝ ይሆናል። ሦስት ወይም አራት ወር መታገስ የመኖ ወጪ ቢያስከትልም፣ ያልደረሰችን ጊደር በምጥ ከማጣት ጋር ሲነጻጸር ወጪው አነስተኛ ነው።