የነጻነት ወሰን በቤተሰብ መካከል

ነጻነት ማለት የወደዱትን ሁሉ ማድረግ ነው የሚሉ ብዙዎች ናቸው። ነገር ግን አንዱ የወደደውን ሁሉ ያደረገ እንደ ሆነ በአጠገቡ ያለው ሰው ነጻነቱን ያጣልና፥ ይህ የብርቱ ሰው ፈቃድ እንጂ ነጻነት አይባልም። ለዚህም ማስረጃ ከሩቅ አገር አይፈለግም፤ በየቤታችን ይገኛል።

በአዲስ አበባ ውስጥ ጠመንጃ ያዥ የሚባል ሰፈር አለ። ጠመንጃ ያዥ ማለት እንደ ስሙ የጌታውን ጠመንጃ የሚይዝ ሰው ነው፤ መሣሪያው በእጁ ስለ ሆነ ብቻ በወደደው ላይ ሊተኩስ አይችልም። የአባወራም ሥልጣን እንዲሁ በአደራ የተያዘ ነውና ልክ አለው።

ይህ ልክ ግን በአንድ ቀን የተበጀ አይደለም። ቀድሞ ዳኞች ይመሩበት የነበረው ፍትሐ ነገሥት ሰው ሁሉ በተፈጥሮ ነጻ መሆኑን እየተናገረ፥ ባሪያ ማሳደርን ግን አልከለከለም ነበር። በ1934 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ባርነት ተሻረ። ያን ጊዜ ከጌታው የተወሰደው በሌላው ሰው ላይ የነበረው ኃይል ነው እንጂ ነጻነቱ አይደለም።

ከዚያም በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ባልን የቤተሰቡ ራስ አድርጎ፥ ሚስት ሕጋዊ በሆነው ነገር ሁሉ እንድትታዘዘው አዘዘ፤ የጋብቻንም ዕድሜ ለወንድ 18፥ ለሴት 15 ዓመት አደረገ። በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት ጋብቻ በተጋቢዎቹ ነጻና ሙሉ ፈቃድ ብቻ እንዲፈጸም ደነገገ። በ1992 ዓ.ም. የወጣውም የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ባልና ሚስት በቤታቸው አስተዳደር እኩል መብት እንዲኖራቸው፥ የጋብቻም ዕድሜ ለሁለቱም 18 ዓመት እንዲሆን አደረገ። ስለዚህ «ልጄን ለወደድሁት እድራለሁ» የሚል አባት የራሱን መብት የተናገረ ቢመስለውም፥ የተናገረው በልጁ መብት ላይ ነው።

ሆኖም ወሰኑ ራሱ ወሰን አለው። በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 576 ልጅን የሚያሠቃየውን ሲቀጣ፥ ለመልካም አስተዳደግ የሚደረገውን ሕጋዊ ተግሣጽ ግን ከቅጣቱ ውጭ አድርጎታል። ታኅሣሥ 1 ቀን 1941 ዓ.ም. ኢትዮጵያም ድምፅዋን ሰጥታ የተቀበለችው ዓለም አቀፍ የሰብዓዊ መብቶች መግለጫ በ29ኛው አንቀጽ እንደሚናገረው፥ መብት የሚወሰነው በሕግ ብቻ ነው፤ ይኸውም የሌሎች መብት እንዲከበር፥ ግብረ ገብነትና የሕዝብ ጸጥታ እንዲጠበቅ፥ የጠቅላላውም ሕዝብ ደኅንነት እንዲጸና ነው። ቁጣና ልማድ ከዚህ ውስጥ አልተቆጠሩም።

እኛ የችሎት ጸሐፍት በመዝገብ ከምናሰፍረው የባልና የሚስት ክርክር ብዙው «በቤቴ ማን ያዘኛል» ከሚል ቃል የተነሣ ነው። የሚያዝዘው ግን ሌላ ጌታ ሳይሆን በዚያው ቤት ያለው የሌላው ሰው መብት ነው። እንግዲህ የቤት ጌቶች ሁሉ በተቆጡ ጊዜ «ይህን ማድረግ እችላለሁን» ከማለት አስቀድመው «ይህ የማን መብት ነው» ብለው ራሳቸውን ይጠይቁ። በቤቱ ወሰን ያላወቀ ሰው በተሾመበትም ቦታ ወሰን አያውቅምና፥ ልጆችም ፍትሕን አስቀድመው የሚማሩት ከአባታቸው ቤት ነው።