ቦይለር ወይም ጃኩዚ ከመትከልዎ በፊት ስለ ኤሌክትሪክ መስመሩ ሊያውቋቸው የሚገቡ ነጥቦች

በመኖሪያ ቤቶች ውስጥ ቦይለር፣ ውኃን በቅጽበት የሚያሞቅ ሻወር፣ አልፎ አልፎም ጃኩዚ መትከል እየተለመደ መጥቷል። ብዙ ተገልጋዮች ዕቃውን ሲገዙ ስለ መጠኑና ስለ ዋጋው በሚገባ ይጠይቃሉ፤ ኃይል ስለሚቀበልበት መስመር ግን የሚያስቡት ዕቃው ቤት ከገባ በኋላ ነው። ውኃ፣ እርጥብ ሰውነትና ኤሌክትሪክ በአንድ ሥፍራ ሲገናኙ በሌላ ክፍል ቀላል የሚመስል የመስመር ጉድለት ሕይወት ሊቀጥፍ ይችላል። ይህ ጽሑፍ ማንኛውም የቤት ባለቤት ወይም ተከራይ ሥራውን ለባለሙያ ከመስጠቱ በፊት ሊጠይቃቸውና ሥራው ሲጠናቀቅ ሊያረጋግጣቸው የሚገቡ ጉዳዮችን ያብራራል።

ዕቃው ምን ያህል ኃይል ይወስዳል?

በመኖሪያ ቤቶች የተለመደው ባለአንድ ፌዝ አቅርቦት 220 ቮልት ነው። በዕቃው ላይ በተለጠፈው ጽሑፍ የተገለጸውን የዋት መጠን ለ220 በማካፈል በመስመሩ የሚያልፈውን የአምፔር መጠን ማወቅ ይቻላል። 1500 ዋት ቦይለር 7 አምፔር ገደማ፣ 5500 ዋት የቅጽበት ሻወር ደግሞ 25 አምፔር ይወስዳል። ባለ3000 ዋት ማሞቂያና ባለ1500 ዋት ፓምፕ ያለው ጃኩዚ ሁለቱ በአንድነት ሲሠሩ ከ20 አምፔር በላይ ይጠይቃል።

ከመጠኑ ባልተናነሰ ሊታሰብበት የሚገባው የጊዜው ርዝመት ነው። 50 ሊትር ውኃን ከ20 ወደ 60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ለማሞቅ 1500 ዋት ቦይለር አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ይፈጅበታል። 1000 ሊትር የሚይዝ ጃኩዚ ውኃውን ከ18 ወደ 38 ዲግሪ ለማድረስ በ3000 ዋት ማሞቂያ ወደ 8 ሰዓት የሚጠጋ ጊዜ ሳያቋርጥ ይሠራል። ለጥቂት ደቂቃ የሚበዛበትን ጭነት የሚችል ቀጭን ገመድ ይህን ያህል ሰዓት ሲጫን ይግላል፤ መሸፈኛው ይቀልጣል፤ ለእሳት አደጋም መነሻ ይሆናል።

የራሱ የሆነ መስመር

በዚህ ምክንያት ማንኛውም የውኃ ማሞቂያ ከብሬከር ሳጥኑ ተነሥቶ ወደ እርሱ ብቻ የሚሄድ፣ ከመብራትም ሆነ ከሌላ ሶኬት ጋር ያልተጋራ መስመርና የራሱ ብሬከር ሊኖረው ይገባል። ከማከፋፈያ ወይም ከኤክስቴንሽን ኃይል መስጠት ፈጽሞ አይፈቀድም።

ለመነሻ ያህል፣ በግድግዳ ውስጥ ለሚያልፍ የመዳብ ገመድ፦
• ለ1500 ወይም ለ2000 ዋት ቦይለር፦ 2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ገመድና 16 አምፔር ብሬከር፤
• ከላይ ለተጠቀሰው ጃኩዚ፦ ቢያንስ 4 ካሬ ሚሊ ሜትር ገመድና 25 አምፔር ብሬከር፤
• ለ5500 ዋት ሻወር፦ 6 ካሬ ሚሊ ሜትር ገመድና 32 አምፔር ብሬከር።

የመስመሩ ርዝመትና የሚያልፍበት ሥፍራ እነዚህን መጠኖች ከፍ ሊያደርጋቸው ስለሚችል የመጨረሻው ስሌት የባለሙያው ነው፤ የአምራቹ መመሪያም መከበር አለበት። ብሬከሩ ደጋግሞ ሲወርድ ገመዱን ሳይቀይሩ በትልቅ ብሬከር መተካት ችግሩን አይፈታም፤ ገመዱን ያለጠባቂ ያስቀረዋል።

ብሬከር ገመዱን፣ አር ሲ ዲ ሰውን ይጠብቃል

በርካታ ተገልጋዮች ብሬከር ካለ ከኤሌክትሪክ አደጋ የተጠበቁ ይመስላቸዋል። ይሁን እንጂ ብሬከር የሚሠራው ገመዱን ከመጠን በላይ ከሆነ ጭነትና ከመነካካት ለመጠበቅ ነው። የሰው ልብ ምት ከ30 ሚሊ አምፔር ጥቂት ከፍ ባለ ኃይል ሊታወክ ይችላል። 16 አምፔር ብሬከር የሚያሳልፈው መጠን ከዚህ ከ500 እጥፍ በላይ ነው። ስለሆነም ሰው በኤሌክትሪክ ተይዞ ሳለ ብሬከሩ ምንም እንዳልተፈጠረ ሆኖ ሊቀጥል ይችላል።

ሰውን የሚጠብቀው አር ሲ ዲ ተብሎ የሚጠራው መቁረጫ ነው። ይህ መሣሪያ በፌዝ የሄደውን ኃይል በኒውትራል ከተመለሰው ጋር ያነጻጽራል፤ ከሄደው ከፊሉ በሰው አካል ወይም በውኃ በኩል ወደ መሬት ሲያመልጥ ኃይሉን ከሰከንድ ባነሰ ጊዜ ያቋርጣል። ለመታጠቢያ ክፍልና ለጃኩዚ 30 ሚሊ አምፔር የተጻፈበት ይመረጣል። በመሣሪያው ላይ ያለውን የመሞከሪያ ቁልፍ በየወሩ ይጫኑ፤ ኃይሉ ካልተቋረጠ መሣሪያው መቀየር አለበት።

የመሬት መስመር

ግራውንድ የሚባለው የመሬት መስመር የማሞቂያው የብረት አካል ኤሌክትሪክ ቢያገኝ ኃይሉን ወደ መሬት የሚያወርድ ነው። በዚህ ረገድ ሁለት ስሕተቶች ይዘወተራሉ። የመጀመሪያው መስመሩን ከውኃ ቧንቧ ጋር ማሰር ነው። ቀድሞ ቧንቧዎች ብረት ስለነበሩ ከአፈር ጋር የተወሰነ ግንኙነት ነበራቸው፤ ዛሬ በአብዛኛው የሚዘረጋው የፕላስቲክ ቧንቧ ግን ኃይልን ወደ መሬት አያደርስም። ሁለተኛው ከኒውትራል ጋር በማሞቂያው ላይ ማገናኘት ነው። ኒውትራሉ አንድ ቀን ቢበጠስ የማሞቂያው አካል በሙሉ 220 ቮልት ይሸከማል። ትክክለኛው መንገድ መሬት ውስጥ ከተቀበረ የመዳብ ዘንግ የሚነሣ፣ በመሣሪያ ተለክቶ ብቃቱ የተረጋገጠ መስመር ነው።

ውኃ በፈረቃ በሚዳረስባቸው አካባቢዎች ተጨማሪ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ማሞቂያው ውኃ ሳይኖረው ከበራ የውስጥ ማሞቂያው ይቃጠላል፤ ሽፋኑም ሲሰነጠቅ ኃይል ወደ ውኃው ያመልጣል። ውኃ ሲቋረጥ ማሞቂያውን ያጥፉ፤ ሲመለስም ከሙቅ ውኃ ቧንቧው ውኃ መውረዱን ሳያዩ አያብሩ።

የማብሪያና ማጥፊያ ሥፍራ

የማሞቂያው ማብሪያና ማጥፊያ ከመታጠቢያ ክፍሉ ውጭ መሆን አለበት። ከሻወሩ ወይም ከገንዳው በእጅ ሊደረስበት በሚችል ቦታ ሶኬት አይተከልም። ለጃኩዚ ፌዝንም ኒውትራልንም በአንድነት የሚያቋርጥ፣ ገንዳው ውስጥ ያለ ሰው የማይደርስበት፣ ነገር ግን ለሌላ ሰው በቀላሉ የሚታይ መቁረጫ ሊኖር ይገባል።

የቤቱ አጠቃላይ አቅም

አዲሱ ዕቃ ብቻውን ሳይሆን ከሌሎች ጋር አብሮ እንደሚሠራ ያስቡ። 3500 ዋት የእንጀራ ምጣድ 16 አምፔር ያህል ይወስዳል። ከላይ የተጠቀሰው ጃኩዚ ሲጨመርበት ጭነቱ ከ36 አምፔር ያልፋል፤ ዋናው ብሬከር 32 አምፔር በሆነበት ቤት ሁለቱን በአንድ ጊዜ መጠቀም አይቻልም። ተጨማሪ ኃይል ወይም ባለሦስት ፌዝ ቆጣሪ የሚያስፈልግ ከሆነ ዕቃው ከመገዛቱ በፊት በአካባቢው በሚገኝ የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ማዕከል ማመልከት ይገባል። ከቆጣሪው በኋላ ያለው የቤት ውስጥ መስመር ደኅንነት የደንበኛው ኃላፊነት መሆኑ ሊዘነጋ አይገባም።

ለባለሙያው የሚቀርቡ ጥያቄዎች

የቧንቧ ሥራና የኤሌክትሪክ ሥራ የተለያዩ ሙያዎች ናቸው። የኤሌክትሪኩን ሥራ የሙያ ብቃት ማረጋገጫ ላለው ባለሙያ ብቻ ይስጡ፤ ክፍያውን ከማጠናቀቅዎ በፊትም የሚከተሉትን ይጠይቁ፦

1. የሙያ ብቃት ማረጋገጫዎን ሊያሳዩኝ ይችላሉ?
2. መስመሩ ከብሬከር ሳጥኑ የተነሣና ያልተጋራ ነው?
3. አር ሲ ዲው ስንት ሚሊ አምፔር ነው? በፊቴ ሊሞክሩት ይችላሉ?
4. የመሬት መስመሩ ከየት ተነሣ? ልኬቱስ ስንት ሆነ?

ተከራዮችም ማሞቂያውን ከመጠቀማቸው በፊት እነዚህን ጥያቄዎች ለአከራያቸው ሊያቀርቡ ይገባል።

ውኃውን ወይም ቧንቧውን ሲነኩ ጥቂትም ቢሆን የሚነዝር ከሆነ መጠቀምዎን ያቁሙ፤ በደረቅ እጅና ጫማ አድርገው ኃይሉን ከብሬከር ሳጥኑ ያጥፉ፤ ባለሙያ ሳያየው መልሰው አያብሩ። ሰው በኤሌክትሪክ ተይዞ ቢያገኙ ኃይሉ ሳይቋረጥ ሰውየውን አይንኩ። ትንሽ መንዘር ትልቅ አደጋ ሊከተል እንደሚችል የሚያሳይ ማስጠንቀቂያ ስለሆነ “ለምደነዋል” ተብሎ የሚታለፍ አይደለም።