ትነት፦ ከድስቱ ሙቀት ይዞ የሚሄደው

ሽንብራ ተጥዶ ሲንተከተክ፣ ቶሎ ይብሰል ተብሎ ከሰል ይጨመርበታል። እሳቱ ይግማል፣ ውሃው ይንፈቀፈቃል፣ ክዳኑ ይንቀጫቀጫል። ውሃው ግን አንዲት ዲግሪ እንኳ አልጨመረም። የተጨመረውን ሙቀት እንፋሎቱ ይዞት ወጥቷል።

የዚህ ሁሉ ምክንያት ትነት ነው። በፈሳሽ ውሃ ውስጥ ያሉ ቅንጣቶች እርስ በርስ ተሳስበው ይኖራሉ፤ ከዚያ ተላቅቆ አየር ለመቀላቀል ብዙ ጉልበት ያስፈልጋል። 1 ኪሎ ውሃ ከ0 ተነስቶ 100 ዲግሪ እስኪደርስ ከሚፈጀው ሙቀት ይልቅ፣ ያው የፈላ ውሃ ተንኖ እስኪያልቅ የሚፈጀው ከ5 እጥፍ በላይ ነው። ይህን በቴርሞሜትር የማይታይ ሙቀት በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ያጠናው የስኮትላንዱ ሐኪምና የኬሚስትሪ ምሁር ጆሴፍ ብላክ ነው።

ውሃ የሚፈላበት ሙቀትም በየአገሩ ይለያያል። ውሃ የሚፈላው የእንፋሎቱ ግፊት ከላይ ከሚጫነው የአየር ግፊት ጋር ሲስተካከል ነው፤ ከፍታ በጨመረ ቁጥር ደግሞ አየሩ ይሳሳል። ጅቡቲ ወደብ ላይ 100 ዲግሪ የሚፈላው ውሃ፣ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ባላት አዲስ አበባ 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላል። ራስ ዳሸን አናት ላይ 85 ዲግሪ ገደማ ይበቃዋል። ሽንብራና ባቄላ ደጋ ላይ ለመብሰል ረጅም ሰዓት የሚፈጁት ውሃቸው ከዚያ በላይ ስለማይግል ነው።

ለዚህ መላ የዘየደው ፈረንሳዊው ዴኒ ፓፔን ነው። እ.ኤ.አ. በ1679 ክዳኑ ተቆልፎ እንፋሎቱን የሚያፍን ድስት ሠራ። የታፈነው እንፋሎት መልሶ ውሃውን ስለሚጫነው፣ በዛሬዎቹ የዚህ ዓይነት ድስቶች ሙቀቱ እስከ 120 ዲግሪ ይደርሳል።

ትነት ያለ እሳትም ይሠራል። በሸክላ እንስራ የተቀመጠ ውሃ በጥቃቅን ቀዳዳዎች እያዠ ወደ ውጭ ይወጣል። ከገላው ላይ ሲተን የሚያስፈልገውን ሙቀት የሚወስደው ከእንስራውና በውስጡ ከቀረው ውሃ ነው፤ ስለዚህ ውሃው ይቀዘቅዛል። አየሩ ደረቅ በሆነ መጠን ትነቱ ይፈጥናል፣ ውሃውም ይበልጥ ይበርዳል።

ትኩስ ሻይም ከሚቀዘቅዝባቸው መንገዶች ዋነኛው ይኸው ነው። ከብርጭቆው በላይ የሚታየው ነጭ ጉም ራሱ ተን አይደለም፤ ተን አይታይም። የሚታየው ተኑ ቀዝቃዛ አየር ሲያገኘው ተመልሶ የሚሆነው ደቃቅ የውሃ ጠብታ ነው። የማኪያቶ አረፋ ትነቱን ስለሚያዘገየው ከሥሩ ያለው ቡና ሙቀቱን ይዞ ይቆያል። አሜሪካውያን በትኩስ ቸኮሌት ላይ የሚያንሳፍፉት ማርሽማሎም አብዛኛው አካሉ አየር ነው፤ ሲቀልጥ የሚሠራው ነጭ ሽፋን እንደ አረፋው ክዳን ይሆናል።

ስለዚህ ሽንብራው አንዴ ከፈላ ክዳኑን ግጠሙ፣ መፍላቱ ሳይቋረጥም እሳቱን ቀንሱ። በዚያው ሰዓት ይበስላል፤ የሚተርፈው ከሰሉ ነው።