ባቡሩ ብር ይሰበስባል፣ ዕዳው በዶላር ይከፈላል

ስለ ውጭ ብድር በተነሣ ቁጥር ክርክሩ አበዳሪው ማን ነው ወደሚለው ያዘነብላል። ቻይና ከሆነች ወጥመድ ነው፣ የዓለም ባንክ ከሆነ ጣልቃ ገብነት ነው ይባላል። እኔ ግን ይህ የሁለተኛ ደረጃ ጥያቄ ይመስለኛል። ሐዲድ ወይም ወደብ በብድር የሚሠራ አገር መጀመሪያ ማጣራት ያለበት ገንዘቡ በምን ምንዛሪ እንደሚመለስ፣ ክፍያውም የሚጀምረው ሥራው ገቢ ማስገባት ከመጀመሩ በፊት ይሁን በኋላ ነው። ለዚህ ከአዲስ አበባ–ጅቡቲ ባቡር የተሻለ ማሳያ የለንም።

ከ750 ኪሎ ሜትር የሚረዝመው ይህ የኤሌክትሪክ ባቡር በአብዛኛው የተሠራው ከቻይና ኤግዚም ባንክ በተገኘ ብድር ነው። በመስከረም 2009 ተመረቀ፤ መደበኛ የንግድ አገልግሎት የጀመረው ግን በታኅሣሥ 2010 ነው። ያው ዓመት ሳይወጣ፣ በጳጉሜን፣ ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ የመክፈያው ጊዜ ከ10 ዓመት ወደ 30 ዓመት መራዘሙን አስታወቁ። ዜናው እንደ ድል ተሰማ፤ ነበርም። ነገር ግን ሥራ በጀመረ በስምንት ወሩ ውሉ መከለስ ካስፈለገ፣ ስሌቱ ሲፈረም ጀምሮ ጠባብ ነበር ማለት ነው። በዚያ ላይ መብራት ሲቋረጥ ባቡሩ ይቆማል፤ ወለድ ግን መብራት ጠፋ ብሎ አይቆምም።

ከአዳማ ድሬዳዋ የሚሄድ መንገደኛ ትኬቱን በብር ይቆርጣል፤ ባንኩ የሚጠብቀው ግን ዶላር ነው። በሐምሌ 2016 ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ሲወሰን፣ 57 ብር አካባቢ የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ሳምንታት 100 ብር አለፈ። 57 ሚሊዮን ብር ይበቃው የነበረ የአንድ ሚሊዮን ዶላር ክፍያ፣ አንድ ተጨማሪ ፉርጎ ሳይጫን፣ ከ100 ሚሊዮን ብር በላይ ጠየቀ።

«ታዲያ ባንበደርስ?» የሚል ይኖራል። የህዳሴ ግድብ ምሳሌ ሆኖ ይቀርባል፤ በአብዛኛው በአገር ውስጥ ገንዘብ ተሠርቶ በጳጉሜን 2017 ተመረቀ። ክብሩ የማይካድ ነው፤ ከመጀመሪያው ዕቅድ እጅግ ዘግይቶ 14 ዓመት መፍጀቱም እንዲሁ። ወጪና ገቢ ንግዱ በአንድ ወደብ ላይ ለተንጠለጠለ አገር መዘግየትም ዋጋ አለው፤ ለጅቡቲ መንገድ የሚቃጠለው የከባድ መኪና ናፍጣ ራሱ በዶላር የሚገዛ ነው። ባቡሩን የምደግፈው ስለዚህ ነው።

ወጥመድ የሚሉት ደግሞ የስሪላንካን ሐምባንቶታ ወደብ ይጠቅሳሉ። ወደቡ እ.ኤ.አ. በ2017 ለ99 ዓመት ለቻይና ኩባንያ መከራየቱ እውነት ነው። ሆኖም የተገኘው 1.1 ቢሊዮን ዶላር ገደማ የወደቡን ብድር አልዘጋም፤ የአገሪቱን የውጭ ምንዛሪ ካዝና ነው የደገፈው። ስሪላንካን ይበልጥ ያስጨነቃት ለምዕራባውያን ገበያ የሸጠችው ቦንድ ነበር። እኛም በታኅሣሥ 2016 ሳንከፍል የቀረነው 33 ሚሊዮን ዶላር የዩሮቦንድ ወለድ እንጂ የቤጂንግ ዕዳ አልነበረም።

የብድር ስምምነቶች በተወካዮች ምክር ቤት በአዋጅ ይጸድቃሉ፤ መጠኑ፣ የእፎይታ ጊዜውና የመክፈያው ዘመን እዚያው ይጻፋል። ከእንደራሴዎች የሚጠበቀው የእፎይታውን ማብቂያ ፕሮጀክቱ ሥራ ከሚጀምርበት ቀን ጋር ማስተያየት፣ ከዚያም ብር ቢወድቅ ልዩነቱን ድርጅቱ ይሸከመዋል ወይስ የገንዘብ ሚኒስቴር ብሎ እጅ ከመውጣቱ በፊት መጠየቅ ነው።