ለቆላ ቤት የሚስማማ ምንጣፍ

ባገራችን ልማድ እንግዳ ወደ ቤት በገባ ጊዜ አስቀድሞ የሚዘረጋለት ምንጣፍ ነው። ወንበርና ጠረጴዛ ባልተለመደበት ዘመን አጎዛ፣ ቁርበት፣ ሰሌን ወይም ባና የተነጠፈበት መደብ የቤቱን ክብርና የእመቤቲቱን ሙያ ያሳይ ነበር። ዛሬ ገበያው በልዩ ልዩ ሥጋጃና በፕላስቲክ ምንጣፍ ስለ ተሞላ፣ መምረጥ ከቀድሞው ይልቅ አስቸጋሪ ሆኗል። ከሁሉም የሚከፋው ስሕተት ግን ምንጣፉን በመልኩ ብቻ መርጦ፣ የሚነጠፍበትን አገር መርሳት ነው።

ለምሳሌ ያህል፣ ባልዋ በሥራ ተዛውሮ ከደብረ ብርሃን ወደ መተማ የወረደች አንዲት የቤት እመቤት እናስብ። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ያህል ከፍ ያለ ብርዳም አገር ስለ ሆነ፣ ከመንዝ በግ ጠጉር የተሠራ ወፍራም ምንጣፍ በዚያ ለቤቱ እንደ ሁለተኛ ልብስ ይቈጠራል። እመቤቲቱም ይህንኑ ምንጣፍ ጠቅልላ ወርዳ በአዲሱ ቤትዋ ዘረጋችው። አንዲት አሮጊት ጎረቤት ሊጠይቋት ገብተው፣ «ልጄ፣ ይህ ለደጋ የተሠራ ነው፤ እዚህ ማንን ሊያሞቅ ነው? ብል ሳይቀድምሽ ጠቅልለሽ አስቀምጪው» ቢሏት፣ «እሺ እማማ፤ ታዲያ ምን ልዘርጋ?» ብላ መጠየቅዋ አይቀርም። እኛም ለዚሁ ጥያቄ መልስ የሚሆነውን ሐሳብ እናቀርባለን።

ከመተማ ተነሥቶ፣ ገላባትን አልፎ እስከ ገዳሪፍ 150 ኪሎ ሜትር ያህል የሚዘልቀው አገር ሞቃት ቆላ ነው። አፈሩ በአብዛኛው ጥቁር ዋልካ ሲሆን፣ በበጋ ተሰነጣጥቆ አቧራ ይነሣበታል፤ ከሰኔ እስከ መስከረም ባለው የዝናም ወራት ደግሞ እግር የሚይዝ ጭቃ ይሆናል። በሚያዝያና በግንቦት የቀኑ ሙቀት 40 ዲግሪ ይደርሳል። ስለዚህ በዚህ አገር ቤት የሚነጠፍ ምንጣፍ ሦስት ጠባይ ሊኖረው ይገባል፤ ይኸውም አንደኛ ሙቀት የማያቍር፣ ሁለተኛ አቧራን በቀላሉ የሚለቅ፣ ሦስተኛም ከረጠበ በኋላ ቶሎ የሚደርቅ መሆን ነው።

እነዚህን ጠባዮች አሟልቶ የሚገኘው ከዘንባባ ቅጠል የሚሠራው ሰሌን ነው። ሱዳኖች ብርሽ ይሉታል። ዱም የሚባለው የዘንባባ ዐይነት በምሥራቅ ሱዳን በጋሽና በአትባራ ወንዞች አጠገብ ይበቅላል፤ የቤጃ ሴቶችም ቅጠሉን ሰንጥቀው እየጎነጎኑ ምንጣፍ ብቻ ሳይሆን የድንኳናቸውን ክዳን ጭምር ይሠሩበታል። ሰሌን ሲገዛ ወደ ብርሃን አንሥቶ መመልከት ይገባል። ጉንጉኑ እኩልና ጥብቅ፣ ስፌቱ ያልላላ፣ ጠርዙም በሚገባ የተቀመቀመ ከሆነ ብዙ ጊዜ ያገለግላል። ጥግ ጥጉን ቀስ ብሎ ሲያጥፉት የሚንኰሻኰሽና የሚሰበር ከሆነ ግን፣ ቅጠሉ ከመጠን በላይ ስለ ደረቀ መተው ይሻላል። በበጋ ሰሌንን ከመጠቅለል በፊት ጥቂት ውሃ ረጨት ቢያደርጉበት አይሰበርም፤ ከታጠበም በኋላ በጥላ ሥር ቢሰጣ ዕድሜው ይረዝማል።

ከሰሌን ቀጥሎ የሚመረጠው የጥጥ ምንጣፍ ነው። ጥጥ በመተማና በሑመራ ቆላ የሚበቅል የአገር ሀብት ሲሆን፣ ምንጣፉ በሳሙና ስለሚታጠብና ለቆዳ ስለሚለሰልስ ለሚድኹ ሕፃናት ይስማማል። ሲሳል የሚባለው ቃጫ ደግሞ ጠንካራ ስለ ሆነ ለደጃፍ ይበጃል፤ የጫማውን ጭቃ ፍቆ ያስቀራል። ነገር ግን የሕፃን ጕልበት ይልጣል፤ ውሃ ከፈሰሰበትም እድፉ በቶሎ አይለቅም።

ጁት የሚባለው፣ ጆንያ የሚሠራበት ቃጫ ነው። በብዛት የሚመረተው በሕንድና በባንግላዴሽ ሲሆን፣ ለእግር የሚለሰልስና ዋጋው የማይከብድ ነው። ሆኖም ጠባዩን ለማወቅ የገዳሪፍን ነጋዴ መጠየቅ ይበቃል። በፈረንጆች አቈጣጠር በ1940ዎቹ በትራክተር የሚታረስ ሰፊ እርሻ ከተጀመረ ወዲህ ገዳሪፍ ታላቅ የማሽላና የሰሊጥ ገበያ ሆናለች፤ እህሉም በጆንያ ይጫናል። ዝናም የመታው ጆንያ ካልደረቀ ሻግቶ እንደሚበሰብስ ነጋዴው ያውቃል። የጁት ምንጣፍም እንዲሁ ስለ ሆነ፣ ውሃ በማይደርስበት ክፍል እንጂ በደጃፍ ወይም በማድ ቤት ሊነጠፍ አይገባውም።

የበግ ጠጉርስ ለቆላ ፈጽሞ አይሆንምን? እንዲህ ማለታችን አይደለም። በገዳሪፍ ሰሜን በሚገኘው በቡታና ሜዳ የሚኖሩ ዘላን አርቢዎችም ከበግና ከፍየል ጠጉር ይሸምናሉ፤ ሽመናቸው ግን ጠፍጣፋ ስለ ሆነ ተራግፎ ይጸዳል። የማይስማማው ጠጉሩ ረዥምና ጥቅጥቅ ያለው ምንጣፍ ነው፤ የዋልካውን አቧራ በውስጡ ይሸሽጋልና። ከደጋ ይዞት የወረደ ሰው በደንብ አራግፎና ፀሐይ አስመትቶ፣ በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልሎ ቢያስቀምጠው ወደ ደጋ በሚመለስበት ጊዜ ያገኘዋል።

በገበያ የተፈጥሮ ነው ተብሎ የሚሸጠው ሁሉ የተፈጥሮ አይደለም። ለመለየት ግን ቀላል ዘዴ አለ። ከምንጣፉ ጠርዝ አንድ ክር መዝዞ፣ በብረት ዝርግ ላይ አድርጎ በክብሪት ማቃጠል ነው። የበግ ጠጉር ከሆነ እንደ ተቃጠለ ጠጉር ይሸታል፤ ዐመዱም በጣት ሲነካ ይደቅቃል። ጥጥ፣ ጁት ወይም ሲሳል ከሆነ እንደ ተቃጠለ ወረቀት ሸትቶ ለስላሳ ዐመድ ይተዋል። ቀልጦ እንደ ጠጠር የሚጠጥር ከሆነ ግን ከነዳጅ ዘይት የተሠራ ፕላስቲክ ነው። ፕላስቲክ ርካሽ መሆኑና ውሃ የማያበላሸው መሆኑ አይካድም፤ ነገር ግን ቡና ሲፈላ አንድ ፍም ቢወድቅበት ቀልጦ እግር ያቃጥላል። ሰሌንም ደረቅ ቅጠል እንደ መሆኑ እሳት ይፈራል። ስለዚህ በማናቸውም ምንጣፍ ላይ የከሰል ምድጃ ሲቀመጥ ከሥሩ የብረት ዝርግ ማድረግ ግዴታ ነው።

ከገንዘብና ከውበት ይልቅ የሚያሳስበው የጤና ጉዳይ ነው። ገዳሪፍ፣ መተማና ሑመራ ካላዛር የሚባለው በሽታ የሚገኝባቸው አገሮች ናቸው። ይህን በሽታ የምታስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ ከትንኝ ያነሰች ስትሆን፣ ቀን በተሰነጠቀው ዋልካ ውስጥ ተሸሽጋ ሌሊት ትናከሳለች። በሽታው ትኵሳት ያመጣል፣ ሰውነት ያከሳል፣ ጣፊያ ያሳብጣል፤ ካልታከመም ይገድላል። ስለዚህ በዚህ አገር ምንጣፍ የመቀመጫ እንጂ የመኝታ አይደለም። ሱዳኖች ከእንጨትና ከገመድ የሚሠሩት አንገሬብ፣ የእኛም የጠፍር አልጋ ሰውን ከመሬት ከፍ ያደርጋሉ፤ ቀዳዳው ጠባብ የሆነ አጎበርም ሊጨመርበት ይገባል። ጊንጥ ከምንጣፍ ሥር መደበቅ ስለሚወድ፣ ምንጣፉን በየማለዳው አንሥቶ ማራገፍ ያስፈልጋል። እንዲህ ሲደረግ ምስጥ መጀመሩም በጊዜ ይታወቃል።

ይህ ሁሉ ምክር ቤት ላለው ነው። ነገር ግን የዚህ ድንበር ሕዝብ ምንጣፍ ብቻውን ቤት የሆነበትን ጊዜ አይቷል። ከጥቅምት 2013 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ከ60,000 በላይ ኢትዮጵያውያን በሐምዳይትና በሌሎችም በሮች ወደ ምሥራቅ ሱዳን ተሰደዱ፤ ብዙዎቹም በገዳሪፍ ክፍል በኡም ራኩባ ሰፈሩ። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. በሱዳን ጦርነት በተነሣ ጊዜ ደግሞ ስደተኛው በተራው በገላባት በኩል ወደ መተማ ገባ። በባዶ መሬት ላደረ ሰው፣ ተጠቅልሎ በብብት የሚያዝ አንድ ሰሌን የመጀመሪያው የቤት ዕቃ ነው። በእርሱ ላይ ሕፃን ይቀመጣል፣ እንጀራ ይቈረሳል፣ እንግዳም ይስተናገዳል።

እንግዲህ ለቤቱ ምንጣፍ የሚገዛ ሰው ከቀለሙ በፊት አገሩን ያስብ። ለደጋ የበግ ጠጉር፣ ለቆላ ሰሌንና ጥጥ፣ ለደጃፍ ሲሳል ቢመርጥ ገንዘቡ አይባክንም፤ የቤተ ሰቡም ጤና ይጠበቃል። ከሰሌን ጎንጓኟ እጅ የሚገዛ ከሆነም፣ የከፈለው ዋጋ የአንዲት እናት ቤት የሚቆምበት መሆኑን አይርሳ።