ባሩድ የበላው ማዳበሪያ

የባሕር እገዳ ሲባል ብዙ ሰው ዓይን ላይ የሚመጣው ወደብ ደጃፍ የተገተረ የጦር መርከብ ነው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት የእንግሊዝ ባሕር ኃይል ግን ሐምቡርግ በር ላይ አልቆመም። ፈንጂና ሰርጓጅ መርከብ ስለሚያሰጋው ከሩቁ፣ በስኮትላንድና በኖርዌይ መካከል ያለውን ባሕር ተቆጣጠረ፤ በደቡብም የዶቨርን መተላለፊያ ዘጋ። የሚያልፈውን ሁሉ እያስቆመ ጭነቱን በረበረ። ገለልተኛ ለሆኑት ለሆላንድና ለዴንማርክ የሚሄደው እህል እንኳ ዞሮ ጀርመን እንዳይገባ በልክ ሆነ።

ጀርመን በዘመኑ እርሻ የተካነች አገር ነበረች። ችግሩ እርሻው ራሱ የባሕር ጥገኛ መሆኑ ነው። አፈሩ የሚፈልገው ናይትሮጂን በብዛት የሚመጣው ከቺሊ በረሃ ከሚቆፈር ናይትሬት ነበር። ባሩድና ፈንጂም የሚሠራው ከዚሁ ነው። የቺሊው መንገድ ሲዘጋ ሠራዊቱ በጥቂት ወራት ውስጥ ጥይት ባለቀበት ነበር፤ ያዳነው ፍሪትዝ ሃበር ያገኘውና ካርል ቦሽ ለፋብሪካ ያበቃው፣ ከአየር ናይትሮጂን አሞኒያ የመሥራት ዘዴ ነው። በዚህ ዘዴ የሚሠራው የኦፓው ፋብሪካ ሥራ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1913፣ ጦርነቱ ሊፈነዳ አንድ ዓመት ሲቀረው ነበር። ነገር ግን የፋብሪካው ምርት መጀመሪያ የሚሄደው ወደ መድፍ ነው። ለማሳው የተረፈው ከዓመት ዓመት አነሰ፤ ገበሬውና ፈረሱም ዘምተዋል። እገዳው መርከብ በማይደርስበት የመስክ አፈር ውስጥ ገባ ማለት ይቻላል።

በዚህ ላይ የመንግሥት ስሕተት ተጨመረ። የዳቦ እህል ዋጋ ሲተመን የሥጋ ዋጋ ስላልተተመነ፣ ገበሬው እህሉን ለአሳማ ማብላት አዋጣው። በ1915 ምሁራን አሳማ የሰውን ድንች ይሻማል ብለው አሰሉና በሚሊዮን የሚቆጠር አሳማ ታረደ። ለጥቂት ሳምንታት ሥጋ ተትረፈረፈ፤ ከዚያ ጠፋ። ፍጉም አብሮ ሄደ። ይህን ስሌት የሠሩት ሰዎች ጋጣ ረግጠው ያውቁ ይሆን?

በ1916 ዝናብና በሽታ የድንቹን ምርት ወደ ግማሽ አወረደው። በዚያ ክረምት የከተማው ሰው የከብት መኖ የነበረውን፣ ከጎመን ዘር የሆነ ሥራሥር በሾርባም በዳቦም በላው፤ በማርማላታ መልክም ቀረበለት። የምግብ ኩፖን የያዘ በሰልፍ ደጅ ሲጠና፣ ገንዘብ ያለው ከጥቁር ገበያ ይሸምት ነበር። እኔን የሚያሳምነኝ ይህ ነው፦ እጥረቱን ያመጣው እገዳው ቢሆንም፣ ማን እንደሚራብ የወሰነው በአብዛኛው የአገር ውስጥ አሠራር ነው።

ጀርመኖች ከጦርነቱ በኋላ በእገዳው ሳቢያ 763,000 ሲቪሎች ሞቱ አሉ። የኋላ ተመራማሪዎች ቁጥሩን ቢቀንሱትም ብዙ መቶ ሺህ መሆኑን አይክዱም።

በኅዳር 1918 ተኩስ ሲቆም እገዳው አልተነሳም። ምግብ መግባት የጀመረው በመጋቢት 1919፣ ጀርመን የንግድ መርከቦቿን ለማስረከብና ዋጋውን በወርቅ ለመክፈል ከተስማማች በኋላ ነው። ሙሉ በሙሉ የተነሳው ደግሞ የቬርሳይ ውል ከተፈረመ በኋላ፣ በሐምሌ ወር ነበር።